«በሕግ አምላክ» የሚል መኮንን

ወታደርና ፖለቲካ የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ፣ በእኛ በኢትዮጵያውያን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ታንክ ነው። ከታንኩ ቀጥሎ ማርሽ የሚያሰማው ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ቀጥሎ የሰዓት እላፊው ዐዋጅ ይከተላሉ። የምርጫ ካርድ ትዝ የሚለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። «ወታደሩ ወደ ፖለቲካ ገባ» ማለት በእኛ አገር «መንግሥት ተገለበጠ» የሚለውን ነገር በጨዋ ደንብ መናገር ሆኖ ኖሯል። አሁን በምኖርበት በአሜሪካ ግን፣ በየሁለት ዓመቱ የምርጫ ወቅት ሲደርስ፣ የደንብ ልብሱን አውልቆ ከበር ወደ በር እየዞረ ድምፅ የሚለምን የቀድሞ መኮንን ማየት የተለመደ ነው።

ከእነዚህ መኮንኖች መካከል አንድ ለየት ያለ ወገን አለ። ጠመንጃ ተሸክሞ ሳይሆን የሕግ መጽሐፍ ተሸክሞ ያገለገለው ወታደራዊ የሕግ ባለሙያ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ያነሣሡኝ ሁለት ምክንያቶች ናቸው። አንደኛው የአደባባይ ነው፤ ጦርን ለሕግ ማስገዛት ለአገራችን እስከ ዛሬ ያልተፈታ እንቆቅልሽ በመሆኑ፣ ሌሎች እንዴት እንደ ሞከሩትና የት እንደ ተሰናከሉ ማየት ይጠቅመናል። ሁለተኛው የቤት ምክንያት ነው፤ እርሱን አንባቢ ይፍቀድልኝና ወደ መጨረሻው ላቆየው። (ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የአሜሪካ ጦር የሕግ መኮንን ታሪክ ከአገሪቱ ራስዋ በዕድሜ ይበልጣል። የነጻነቱ ዐዋጅ ከመታወጁ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በሐምሌ 1775፣ ዊልያም ቱዶር የተባለ የቦስተን ጠበቃ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር የመጀመሪያው የሕግ ሹም ሆኖ ተሾመ። የዛሬው ሥርዐት መሠረት ግን በ1950 የወጣው ወጥ የወታደራዊ ፍትሕ ሕግ ነው። የሕግ መኮንኑ ሲቪል ጠበቃ የሚማረውን ሁሉ ተምሮ፣ የጥብቅና ፈቃዱን አግኝቶ፣ ከዚያ በኋላ ማዕረግ የሚለብስ ሰው ነው። ሥራው ብዙ ነው። ዘማቹ ሳይሄድ ኑዛዜውን ይጽፍለታል፤ የተከሰሰውን ይከላከላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ይከስሳል፤ አዛዡ አንድን ዒላማ ከመምታቱ በፊት ድብደባው በጦርነት ሕግ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ከባድ ተቃርኖ አለ። ወታደር መታዘዝን ይማራል፤ ጠበቃ መጠየቅን ይማራል። የሕግ መኮንኑ ሁለቱንም በአንድ ራስ ቅል ውስጥ ይዞ መኖር ይጠበቅበታል። አሜሪካውያን ይህን ተቃርኖ ለሰውዬው ጥሩነት ብቻ አልተዉትም። ከላይ የጠቀስሁት ሕግ 37ኛ አንቀጽ አዛዥ በጦር ፍርድ ቤት ዳኞችም ሆነ ጠበቆች ላይ ተጽዕኖ እንዳያደርግ ይከለክላል። አያቶቻችን መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ ያየ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ቢጮህ፣ የተነሣው ዱላ እዚያው በአየር ላይ ይቆም ነበር ይሉናል። የሕግ መኮንን ማለት፣ በእኔ አተረጓጎም፣ ለአዛዡ «በሕግ አምላክ» እንዲል ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሙያ ተነሥተው ወደ ፖለቲካ ከተጓዙት መካከል መንገዳቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረን የሳውዝ ካሮላይናው ሊንዚ ግራም ይመስሉኛል። ሰውዬውን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቴሌቪዥን በሚያደርጓቸው የጋሉ ክርክሮች ነው። እኔ ግን የምፈልገው ከካሜራው በፊት የነበረውን መንገድ ነው።

ግራም በ1955 ሴንትራል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤትና የፑል ማጫወቻ አጠቃለው የያዙ አንድ አነስተኛ ንግድ ያስተዳድሩ ነበር፤ ቤተሰቡም ከንግዱ ቤት ጓሮ በሚገኝ ክፍል ይኖር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ እናታቸው በካንሰር ሞቱ፤ ዐሥራ አምስት ወር ያህል ቆይቶ አባታቸው ተከተሉ። የ13 ዓመት እኅታቸውን የማሳደግ ኃላፊነት በወጣቱ ላይ ወደቀ፤ በኋላም በሕግ ልጃቸው አድርገው ተቀበሏት። በ1981 የሕግ ትምህርታቸውን ጨርሰው በተከታዩ ዓመት አየር ኃይል ገቡ።

ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ደረጃ የተሰማው በመከላከል ሥራቸው ነው። በ1984 ማሪዋና ተጠቅሟል ተብሎ ለተከሰሰ አንድ የአየር ኃይል አብራሪ ጥብቅና ቆመው ሳለ፣ «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም የአየር ኃይሉን የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ጉድለት ሲያጋልጥ ወጣቱን መኮንንም አቀረባቸው። ልብ በሉ፤ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው አየር ኃይል ነው፤ ስሕተት ሠርቷል ብለው የሚሟገቱትም አየር ኃይሉን ነው። ከዚያ በኋላ ምን ደረሰባቸው? እስር ቤት አልገቡም፤ ወደ በረሓ አልተጋዙም። ጀርመን ተልከው እስከ 1988 በአውሮፓ የአየር ኃይሉ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሠሩ። ትናንት ተከላካይ የነበረው ሰው ዛሬ ከሳሽ ሆነ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ጆሮ የመገልበጥ ያህል ይሰማል። ለእነርሱ ግን የሙያው ተፈጥሮ ነው፤ ወንበሩ ይለዋወጣል፣ ሥነ ሥርዐቱ ግን ባለበት ይቆያል።

በ1988 የሙሉ ጊዜ አገልግሎታቸውን አብቅተው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱና የጥብቅና ሥራ ጀመሩ። በ1992 ለሳውዝ ካሮላይና የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደሩና አሸነፉ። ይህ ምክር ቤት 124 መቀመጫ ያለውና አባላቱ በየሁለት ዓመቱ ወደ መራጭ የሚመለሱበት ነው። ሕግ አውጪነቱም የሙሉ ጊዜ ሥራ አይደለም፤ ጉባኤው በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት ተሰብስቦ ይበተናል፤ አባሉም ወደ እርሻው፣ ወደ ሱቁ፣ ወደ ጥብቅና ቢሮው ይመለሳል። ለወጣት ጠበቃ ይህ እጅግ የተመቸ መግቢያ ነው። ግራም እዚያ የቆዩት ለአንድ የምርጫ ዘመን ብቻ ነበር። በ1994 ለአሜሪካ ኮንግረስ ሲመረጡ ከርስ በርስ ጦርነት ማግስት ወዲህ ያንን ወረዳ የወከሉ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ሆኑ። በ2002 ደግሞ ስትሮም ተርመንድ ለግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ የቆዩበትን የሴኔት ወንበር አሸነፉ።

ከስቴት ምክር ቤት ወደ ሴኔት ዐሥር ዓመት! የደንብ ልብሱ በዚህ ጉዞ ውስጥ ምን ያህል እንዳገዛቸው የሚለካ ሚዛን የለኝም። እንዳልጎዳቸው ግን ግልጽ ነው። ሳውዝ ካሮላይና የጦር ሰፈሮችና የጡረተኛ ወታደሮች አገር ናት፤ በዚያ «አገልግያለሁ» የሚል ቃል ክብደት አለው። ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ለመጋነን ይጋለጣል። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ግራም በብሔራዊ ዘብ ተጠርተው ያገለገሉት እዚያው ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ በሕግ መኮንንነት ነበር። በ1998 አንድ የዋሽንግተን ጋዜጣ በኦፊሴላዊ የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የዚያ ጦርነት ዘማች ተብለው መገለጻቸውን አንሥቶ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ተዋግቻለሁ ብዬ አላውቅም፣ ማንንም አላታለልሁም ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገን የየራሱ ሙግት ነበረው፤ ለእኔ ቁም ነገሩ ጥያቄው መነሣቱ ነው። ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ሜዳልያ ቁጠርልኝ ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ባለበት አገር ሜዳልያ ራሱን ችሎ ሥልጣን አይሆንም።

ደንብም አለ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ በሙሉ ጊዜ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር በፓርቲ ምርጫ ዘመቻ እንዳይሳተፍ ይከለክላል። አገልግሎቱን የጨረሰ ወይም በተጠባባቂነት ያለ ዕጩ በደንብ ልብስ የተነሣውን ፎቶግራፍ በዘመቻው ቢጠቀም፣ ይህ የጦር ኃይሉን ድጋፍ የማያመለክት መሆኑን በግልጽ ከሥሩ መጻፍ አለበት። ማስጠንቀቂያው በትንንሽ ፊደል የሚታተም ነውና የሚያነበው ሰው ጥቂት ይሆናል። ቢሆንም በዚያች ትንሽ መሥመር ውስጥ ትልቅ ነገር ተጽፏል፦ ጦሩ ዕጩ የለውም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ታሪክ ግን ገና አልነገርኳችሁም። ግራም ሴናተር ከሆኑም በኋላ የተጠባባቂ መኮንንነታቸውን አልተዉም ነበር፤ በ2003ም በአየር ኃይሉ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተመደቡ። ከዕለታት አንድ ቀን በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደበት ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው አንድ የአየር ኃይል ባልደረባ ይግባኝ አለ፤ ካዩለት ዳኞችም አንዱ ሴናተሩ ነበሩ። የሰውዬው ጠበቆች አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ አነሡ። የጦሩን በጀት የሚያጸድቅ፣ የጄኔራሎችን ሹመት በድምፁ የሚወስን ሰው እንዴት በዚያው ጦር ውስጥ ዳኛ ይሆናል? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንደኛ አንቀጽ ስድስተኛ ክፍል በመንግሥት ሹመት ላይ ያለ ሰው የምክር ቤት አባል መሆን አይችልም ይላል። በ2006 የጦር ኃይሎች የበላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጠበቆቹ ትክክል ናቸው ብሎ ወሰነ፤ የይግባኙም ውሳኔ ተሽሮ በሌሎች ዳኞች እንዲታይ ተመለሰ።

ይህን ፍርድ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሴናተሩ ጉቦ አልበሉም፤ አድልተዋል ያላቸውም የለም። አንድ ሰው ሕግ አውጪም ሕግ ተርጓሚም መሆን አይገባውም፣ ሰውዬው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ነው የተባለው። ይህንንም ያስባለው ከጦሩ ሠራዊት ታችኛ ረድፍ ላይ ያለ፣ ያውም ወንጀለኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ነው። ሴናተሩ ከዳኝነቱ ወንበር ተነሡ፤ በሌላ የተጠባባቂ ሥራ ግን እስከ 2015 ቀጥለው በኮሎኔልነት ጡረታ ወጡ። በእኛ አገር አንድ ተራ ወታደር «ዳኛዬ የምክር ቤት አባል ስለሆኑ ይነሡልኝ» ብሎ ቢያመለክት ምን ይገጥመው እንደ ነበር ለአንባቢ ግምት ልተወው።

ይሁንና ነገሩን ሁሉ ወርቅ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልሻም። የሕግ መኮንንነት ሥልጠና በፖለቲካ እሳት ሲፈተን ምን እንደሚሆን የጓንታናሞ ዘመን አሳይቶናል። በ2003 መጀመሪያ ላይ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ለእስረኞች ምርመራ አዲስ ዘዴዎች ሲያዘጋጅ የአራቱ ጦር ክፍሎች ከፍተኛ የሕግ መኮንኖች የተቃውሞ ማስታወሻ ጻፉ። ዘዴዎቹ ሕግ የሚያስጥሱ መሆናቸውን፣ መርማሪዎቹን ለክስ እንደሚያጋልጡና ነገ የሚማረከውን የአሜሪካ ወታደር እንደሚጎዱ አስጠነቀቁ። በየማዕረጋቸው ሆነው «በሕግ አምላክ» አሉ ማለት ነው። ሰሚ አላገኙም። እነዚያን ማስታወሻዎች በሐምሌ 2005 በኮንግረሱ መዝገብ ውስጥ አስገብተው ሕዝብ እንዲያነባቸው ያደረጉት ሴናተር ግራም ናቸው፤ ያውም የራሳቸው ፓርቲ ሥልጣን ላይ ሳለ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ እኒሁ ሰው ሌላ ነገር አደረጉ። የእስረኞች አያያዝ ሕግ ሲጸድቅ የሴናተር ጆን ማኬይን ክፍል ጭካኔንና ማዋረድን ከለከለ፤ ግራምም ደገፉት። ሆኖም በእርሳቸው አነሣሽነት በገባው ክፍል የጓንታናሞ እስረኞች ለፌዴራል ዳኛ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ እንዳያቀርቡ በሩ ተዘጋ። የሴናተሩ ሙግት ጦርነትን ዳኞች አይመሩትም፣ በጦርነት የተያዘ ጠላት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ የሚመሠርትበት ልማድ የለም የሚል ነበር። በ2006 የወጣው የወታደራዊ ኮሚሽኖች ሕግ ክልከላውን አጠናከረው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በሰኔ 2008፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ሻሩት። ለተከሰሰ አብራሪ ተሟግቶ ስም ያገኘ ጠበቃ ያልተከሰሰን እስረኛ ከዳኛ ፊት የሚያርቅ ሕግ ሲያረቅቅ ማየት ለእኔ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተዋጠልኝ ነገር ነው። ሥልጠናው ሰውዬው ጥያቄውን እንዲያይ ያደርገዋል፤ መልሱን ግን ከመራጩ ስሜትና ከዘመኑ ፍርሃት ነጥሎ እንዲሰጥ አያስገድደውም።

በዚያው ዘመን ሌላ የሕግ መኮንን ሌላ መንገድ ሄደ። የባሕር ኃይሉ ቻርልስ ስዊፍት የቢን ላደን ሾፌር የነበረውን የመናዊ እስረኛ ሳሊም ሐምዳንን እንዲከላከሉ ተመደቡ። ሙግታቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው በሰኔ 2006 ረቱ፤ የፕሬዚዳንቱም ወታደራዊ ኮሚሽን ሕገ ወጥ ተባለ። ጥቂት ቆይተው የማዕረግ ዕድገታቸው አለመጽደቁን ሰሙ፤ ደንቡ ያላደገ መኮንን ይሰናበታል የሚል በመሆኑ በ2007 ጡረታ ወጡ። ምክንያቱ ያ ሙግት ስለ መሆን አለመሆኑ ብዙ ተብሏል፤ ከውጪ ሆኖ የሰው ልብ አይመረመርም። የሚታወቀው ግን የሁለቱ መንገዶች መድረሻ መለያየቱ ነው። አንዱ ሴኔት ደረሰ፤ ሌላው ቤቱ ገባ። ታሪክ ሁለቱንም እየመዘገበ ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ዴላዌር ከአሜሪካ ስቴቶች ትንሽዋ ለመባል ጥቂት የቀራት፣ ሦስት አውራጃ ብቻ ያላት ናት። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ታላቅ ልጅ ቦ ባይደን የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆነው ከሠሩ በኋላ በ2003 የዚያችን ስቴት ብሔራዊ ዘብ የሕግ መኮንን ሆነው ተቀላቀሉ። በ2006 የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመረጡ። ብሔራዊ ዘብ በአዘቦት ቀን የስቴቱ ገዥ የሚያዝዘው፣ ፕሬዚዳንቱ ሲጠራው ደግሞ የፌዴራል ጦር የሚሆን ሠራዊት ነው። እናም ጥሪው በመጣ ጊዜ፣ በጥቅምት 2008፣ አባታቸው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት በሚወዳደሩበት ወቅት፣ ልጅዬው የተመረጡበትን ቢሮ ለምክትላቸው ትተው ኢራቅ ዘመቱ። በመስከረም 2009 ተመለሱ።

ሲመለሱ የአባታቸው የሴኔት ወንበር ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። ስም አለ፤ አባት ምክትል ፕሬዚዳንት ነው፤ ከዘመቻ መልስ ነው። ከዚህ የተመቻቸ ኮርቻ ከየት ይገኛል? እርሳቸው ግን በጥር 2010 አልወዳደርም አሉ። ሕፃናት ታካሚዎቹን በመድፈር በተከሰሰ አንድ ሐኪም ላይ ቢሮአቸው የጀመረው ክስ በእጃቸው ስለ ነበረ እርሱን መጨረስ እንዳለባቸው ተናገሩ። ሐኪሙ በ2011 ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ቦ ባይደን በ2016 ለገዥነት ሊወዳደሩ አስበው ነበር፤ ነገር ግን በግንቦት 2015 በአንጎል ካንሰር በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት ባህል ያደግን ሰዎች የተዘረጋ ወንበርን አልፎ የተጀመረ መዝገብ ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው።

በጓንታናሞና በኢራቅ የባሕር ኃይል የሕግ መኮንን የነበሩት ሮን ዲሳንቲስም ከኮንግረስ ወጥተው በ2018 የፍሎሪዳ ገዥ ሆነው ሲመረጡ፣ ይህ መንገድ እስከ ስቴት መሪነት እንደሚያደርስ ታየ። የሚደግፏቸውም የሚቃወሟቸውም የደንብ ልብሳቸውን ያነሣሉ፤ አንዱ ለመመስገኛ፣ አንዱ ለመወቀሻ። የፍርዱ ቦታ ግን ሁለቱም የሚሰለፉበት የምርጫ ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን በአንድ ሌሊት ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ ከሟቾቹ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ። አንደኛው አክሊሉ ሀብተ ወልድ በፈረንሳይ አገር ሕግ የተማሩ ሰው ናቸው። በደርግ መካከልም ሕግ የተማረ መኮንን አልጠፋም ነበር። ሌተና ኮሎኔል ጎሹ ወልዴ በአሜሪካ ሕግ ተምረው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል። በ1986 ግን ተቃውሟቸውን የገለጹት በኒው ዮርክ ሳሉ፣ ሥልጣናቸውን በመልቀቅ ነው። «በሕግ አምላክ» ለማለት ውቅያኖስ መሻገር ያስፈልግ ነበር። በኋላ የመጣው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በ87ኛው አንቀጹ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። ቃሉ ያማረ ነው። የሚጎድለው እንዳየነው ያለ ተራ ወታደር ነው፤ ቃሉን ጠቅሶ ሲከራከር የሚሰማው ዳኛ ያለው ወታደር።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። አባታችን ሻምበል ባሻ ነበሩ፤ ከአንድ የጦር ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጸሓፊነት አገልግለዋል። በንጉሡ ዘመን ሥራቸው የተነገረውን መጻፍ ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ግን አንዳንድ ፍርድ ተተይቦ ከላይ ይመጣ እንደ ጀመር፣ ለእርሳቸው የሚቀርላቸው ችሎቱ የሚዋልበትን ቀን በባዶው ቦታ መሙላት ብቻ እንደ ሆነ በስተርጅና አጫውተውናል። ሕመም አመካኝተው ለመሰናበት ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አይፈርሙም ነበር፤ የውኃ ክፍያ ደረሰኝ እንኳ ቢሆን ቀኑ ይጻፍ ይሉ ነበር።

የቤት ምክንያቴ እንግዲህ ይህ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ የተወለደው የታላቅ እኅቴ ልጅ የሕግ ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ የጦሩን የሕግ ክፍል ለመቀላቀል ማመልከቻ እየሞላ ነው። «ጋሼ፣ እማዬን አንተ አስረዳልኝ» አለኝ። ልጁ የልቡን አልደበቀኝም፤ አገልግሎቱን ሲፈጽም ለስቴቱ ምክር ቤት መወዳደር ይፈልጋል። እኅቴ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ «አባባ ከዚያ ቤት በስንት መከራ ነው የወጡት? ልጄ በገዛ እግሩ ሊገባ?» አለችኝ። «እትዬ፣ ያኛውና ይኼኛው ቤት አንድ አይደለም» ስላት «ወንድሜ፣ ቤት የሚለየው በሩ ሲዘጋ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁላት፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍሁት መልሱን ለመፈለግ ነው።

ያገኘሁት ይህን ያህል ነው። አባባ በሠሩበት ቤትና የልጅዋ ማመልከቻ በሚያመራው ቤት መካከል ያለው ልዩነት የሰዎቹ ደግነት አይደለም፤ በሁለቱም ቤት ደግም ክፉም አለ። ልዩነቱ ተከላካዩ ጦሩን ረትቶ በማግስቱ ሥራ መግባት መቻሉ፣ ዝቅተኛው ወታደር ሴናተሩን ከዳኝነት ማስነሣቱ፣ ምክር ቤት የዘጋውን በር ፍርድ ቤት መክፈቱ ነው። እነዚህም ነገሮች ቢሆኑ በየትውልዱ ካልተጠበቁ እንደሚላሉ የ2003ቱ ማስታወሻዎች ዕጣ ይመሰክራል። በሩ ሲዘጋ ያለችው እኅቴ እውነትዋን ነው። ልጅዋን የሚጠብቀው ሥራም በሩ ሊዘጋ ሲል እግሩን መሐል ማስገባት ነው።

ለልጁ የነገርሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መጀመሪያ የተከላካይነቱን ወንበር ለምን፤ ሰው የመንግሥትን ክብደት የሚያውቀው ከተከሳሹ ጎን ሲቀመጥ ነውና። ሁለተኛ፣ ለምርጫ በቆምህ ጊዜ ስላገለገልህበት ስትናገር የሆነውን ብቻ ተናገር፤ አንድ ጋዜጠኛ ሳይጠይቅህ በፊት። ሦስተኛ፣ ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ከመጣልህ አትፈርም። ሦስተኛውን ስለው ከስልኩ ወዲያ ጥቂት ዝም አለና «ይኼ የአያቴ ነው አይደል?» አለኝ። እኅቴ ገና አልፈቀደችም። ማመልከቻው ግን ጠረጴዛዋ ላይ ነው፤ አልቀደደችውም።

ቸር ይግጠመን።